ሐኪም ቤት አባቴን «ኢሪተብል» ብለው ጻፉት፤ ስድብ ነው ወይስ ምን?

ሰሎሜ_ሜሪላንድ

ሰላም ቤተሰብ፣ እርዱኝ። አባዬ ሰሞኑን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ሰባን አልፏል፣ እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም። አሁን ተሽሎት ቤት ገብቷል፣ ተመስገን።

ትናንት ማታ በስልኬ የሕክምና ማኅደሩን ከፍቼ ሳነብ ነርሷ የጻፈችው ላይ ደረስኩ። «ፔሸንት ኢሪተብል። ሪፊውዝድ ብሬክፋስት።» በቃ ይኸው ነው። ደሜ ፈላ። አባዬ እኮ ክፉ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ክፍሉን ልታጸዳ የገባችውን ልጅ እንኳ «እግዜር ይስጥሽ» ሳይል አያሳልፋትም። ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግኩት፤ «ብስጩ፣ ቁጡ፣ ነጭናጫ» ይላል።

ሰው ታሞ ተኝቶ ነጭናጫ ተብሎ ይጻፍበታል? እንደዚህ ተብሎ ማኅደሩ ላይ ሊቀር ነው? ደውዬ ልጩህባቸው ወይስ ቃሉ እኔ የማላውቀው ሌላ ትርጉም አለው?

ቱቱ

ደውዪ እንጂ! ዝም ስንል ነው የሚንቁን።

የሌሊት_ሺፍት

ሰሎሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ለቤታቸው አበቃቸው። ቱቱ፣ አንቺ ደግሞ ትንሽ ረጋ በይ።

ነርስ ነኝ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አላውቅም። ስድብ አይደለችም። «ትኩሳት አለው»፣ «ያቅለሸልሸዋል» ብለን እንደምንጽፈው የምትጻፍ ምልክት ናት። ደግሞም ችላ የማይባል ምልክት። የስኳር መጠን ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ ይበሳጫል። አንጎል የሚሠራው በዋናነት በግሉኮስ ነው። ሲያጥረው ጠባይም ይቀየራል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ያልተነገረ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሁሉ በዚሁ መልክ ሊመጣ ይችላል። ትልቅ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በጠባይ ለውጥ ብቻ ሲገባ አይቻለሁ።

እኔን ያስደነገጠኝ የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን ሁለተኛው ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ «ቁርስ እንቢ አሉ» ቀላል ነገር አይደለም። ተመለሺና ሰዓቱን እዪ። በዚያው ሰዓት አካባቢ የስኳር መጠናቸው ተጽፎ መሆን አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቢያቸው።

ቃል_ወዳድ

የሌሊት ሺፍት የሕክምናውን ብሏል፣ እኔ የቋንቋውን ልጨምር። ችግሩ ያለው መዝገበ ቃላቱ ላይ ነው። እኛ «ብስጩ» ስንል ሰውየውን ሰየምነው። ትናንትም ብስጩ ነበር፣ ነገም ነው። እንግሊዝኛው ግን በአንድ ቃል ሁለቱንም ይላል። «አን ኢሪተብል ማን» ካለ አዎ፣ ብስጩ ሰው ነው ማለቱ ነው። «ሂ ኢዝ ኢሪተብል ዚስ ሞርኒንግ» ካለ ግን ዛሬ ጠዋት ብስጭት ብስጭት ብሎታል፣ ሆዱ ቀርቧል ማለት ነው። ማኅደር ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው ነው።

ከዚህ ቃል ቤተሰብ ጋር ብዙ ሰው ይጋጫል። «ኢሪቴትድ» ተበሳጭቷል፣ የሆነ ነገር አበሳጭቶታል። «ኢሪቴቲንግ» ሌላውን ያበሳጫል። «ኢሪተብል» ምንም ሳይነኩት ለመበሳጨት የቀረበ ነው። አንድ ጓደኛዬ ለአለቃው «አይ አም ቬሪ አኖዪንግ» ብሎ ኢሜይል ልኳል። «በጣም ተናድጃለሁ» ማለቱ ነበር። «እኔ ሰው የማሰለች ነኝ» ብሎ ፈርሞ ላከው። አለቃው ሳይስማማ አልቀረም።

ደረጃም አላቸው። «አኖይድ» ቀላሉ ነው፤ ደበረኝ፣ ነዘነዘኝ። «ኢሪቴትድ» ከፍ ይላል፤ ነርቬን ነካው። «ፍራስትሬትድ» ትንሽ ለየት ይላል፤ ሞክሬ ሞክሬ እንቢ አለኝ። «ኤግዛስፐሬትድ» ጨጓራዬ ተላጠ። «ኢንፊዩሪየትድ» ላይ ስትደርሱ ብግን ብላችኋል፣ ከዚያ ወዲያ ፖሊስ ነው።

ሰው ሲሆን «አኖይድ ዊዝ»፣ ነገር ሲሆን «አኖይድ ባይ» ወይም «አባውት»። ከአለቃ ጋር ግን «አኖይድ» ባትሉ ይሻላል። «ኮንሰርንድ»፣ አሳስቦኛል፣ በሉና ኑሩ።

ዝናብ_ለንደን

እዚህ እንግሊዝ ደግሞ «ፒስድ» ማለት ሰክሯል ማለት ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደውሎ «አለቃዬ ዛሬ ፒስድ ነው» ሲለኝ «በጠዋቱ?» አልኩት። እንደተቆጣ ለማለት እኛ ጋ «ኦፍ» መጨመር አለባችሁ። «ማድ»ም እዚህ እብድ ነው። እናንተ ጋ የተናደደ ሁሉ ማድ ነው።

ቻርት_አንባቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ቶሎ አለፋችሁት። ቃል ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሄልዝ አፌርስ በተባለው መጽሔት የወጣ የቺካጎ ጥናት አለ። ከ18 ሺህ በላይ ታካሚዎችን፣ ከ40 ሺህ በላይ ማኅደር ላይ የተጻፉ ማስታወሻዎችን አይተዋል። ጥቁር ታካሚ ማኅደሩ ላይ ቢያንስ አንድ አሉታዊ ገላጭ የመጻፉ ዕድል ከነጩ 2.54 እጥፍ ነበር። እነ «አጊቴትድ» (የተረበሸ)፣ «አግሬሲቭ» (ጠበኛ)፣ «ነንኮምፕላያንት» (የታዘዘውን የማይፈጽም) የሚባሉትን ማለቴ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም ሰውየውን ሳያይ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንን ነው።

ስለዚህ ሰሎሜ ደሟ መፍላቱ ያለ ነገር አይደለም። ምልክት ነው ብላችሁ አታስተኟት።

የሌሊት_ሺፍት

ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ልክ ነህ። «ነንኮምፕላያንት» የምትባለዋን እኔም አልወዳትም። መድኃኒት መግዣ ያጣውም፣ ያልገባውም፣ የረሳውም በእሷ ይጠቃለላል። ግን «ኢሪተብል»ን ከዚያ ጋር አትደምራት። ይህችን ቃል ካልጻፍኩና ሰውየው ሌሊት ራሱን ቢስት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልዩነቱ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ኢሪተብል፣ ስኳር ተለካ፣ ሐኪም ተነግሮታል» ካለ ሥራ ተሠርቷል። «ኢሪተብል» ብሎ ነጥብ ካደረገ እኔም አልደግፈውም።

ጤና_መኮንን_ጎጃም

ከአገር ቤት ልግባ። እኛ ጋ ቃሏ ሕይወት ታድናለች፤ ማጋነን አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቅማጥ ይዞት ሲመጣ የፈሳሽ እጥረቱን የምንለካበት ሰንጠረዥ አለ። ዕረፍት ያጣና የሚነጫነጭ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ውኃ ሲሰጡት እየተስገበገበ የሚጠጣ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ የሚመለስ። ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ «መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት» ብለን ኦአርኤስ እዚያው እያጠጣን አራት ሰዓት እናየዋለን። ዚንክም ይጀምራል። የመጀመሪያዋ ምልክት በእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ ያቺው ኢሪተብል ናት።

የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። ሲነጫነጭ ያደረው ልጅ ጸጥ ሲል እናት «ተመስገን፣ ተሻለው» ትላለች። እኛ የምንደነግጠው ያኔ ነው። ድክም ብሎ ዝም ማለት የከባዱ ደረጃ ምልክት ነው። የሚነጫነጭ ልጅ ገና ጉልበት አለው። እናቶችን «ሲያለቅስ ሳይሆን ማልቀስ ሲያቅተው ሩጪ» እያልን ነው የምናስተምረው።

ሰሎሜ፣ አባትሽን «ተነጫነጩ» ብለው ከጻፉ ቢያንስ አይተዋቸዋል።

በረኪና_እጄን

እኔ ሆቴል ጽዳት ነው የምሠራው። ይህችን ቃል ያስተማረኝ የበረኪና ጠርሙስ ነው። በቀይ የተከበበ ቃለ አጋኖ ያለበት ምልክት ካያችሁ ብዙ ጊዜ «ኢሪታንት» ማለት ነው። ቆዳ ያስቆጣል፣ ዓይን ያቃጥላል። እጅ የሚበላ ሥዕል ካለበት ግን ያኛው የባሰ ነው፤ ቆዳ ያቆስላል። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ። በረኪናና አሞንያ ያለበትን ደግሞ አንድ ላይ እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ነው የሚያቃጥል።

ታዲያ እኔ ሁሌ «ኢሪቴሽን» ማለት የቆዳ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሥራ ጓደኛዬ «ዩ ኢሪቴት ሚ» ስትለኝ እከክ አስይዣት ይሆን ብዬ ተሳቀቅኩ።

ቃል_ወዳድ

በረኪና፣ ገደልሽኝ። ግን ከእውነቱ ሩቅ አይደለሽም። እኛም እኮ «ቁስሉ ተቆጣ»፣ «ጨጓራው ተቆጣ» እንላለን። ቁጣን ለሰውም ለሥጋም እንሰጣለን። እንግሊዞቹም ቀላ ብሎ ያበጠ ቁስል «አንግሪ» ይሉታል።

የሕክምናው ትርጉም የቆየ ነው። አልብሬክት ፎን ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም በ1752 እ.ኤ.አ. ጎቲንገን ላይ ስለዚህ ጉዳይ ንግግር አድርጓል። እንስሳት ላይ ብዙ ሙከራ ሠርቶ፣ ሲነኩት የሚኮማተረውን ሥጋ «ኢሪተብል» አለው፤ ይህም ጡንቻ ነው። ሲነኩት ሕመሙን የሚያስተላልፈውን ደግሞ «ሴንሲብል» አለው፤ ይህኛው ነርቭ ነው። ለእሱ ቃሉ ከጠባይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ባዮሎጂ ክፍል «ኢሪተቢሊቲ» ሕይወት ያለው ነገር መለያ ነው ተብለን የተማርን ሰዎች የተማርነው የዚህን ዝርያ ነው። ሲነኩት መልስ የማይሰጥ ሞቷል እንደማለት።

እግረ መንገዴን፣ «አግራቬት»ም እንደዚሁ ሁለት ፊት አለው። ሐኪም «አግራቬትድ ባይ ሙቭመንት» ብሎ ከጻፈ ሲንቀሳቀስ ሕመሙ ይብስበታል ማለት ነው። ጎረቤታችሁ «ሂ አግራቬትስ ሚ» ካለች ግን አናዳኝ ነው ማለቷ ነው። የሰዋስው አጥባቂዎች ይህንን ሁለተኛውን ሲቃወሙ ኖረዋል፤ ሰው ግን አራት መቶ ዓመት ሲናገረው ኖሯል። ሰሚ የለም።

የነታንያ_ልጅ

እስራኤል ያለን ደግሞ «አጽባኒ» ነው የምንባለው። ከነርቭ የመጣ ቃል ነው። «ኦሌ ሊ አል ሃ-አጻቢም» ማለት ነርቬ ላይ ወጣብኝ እንደማለት ነው። አያቴ ቋንቋውን ሳትለምድ መጀመሪያ የያዘችው ቃል ይኸው ነበር፤ ክሊኒክ ስትሄድ እየደጋገሙ ስለሚሏት። እሷ ግን አጽባኒ አልነበረችም። የሚሏት አይሰማትም ነበር፤ ጆሮዋ ደክሟል። መስሚያ ሲገባላት «ጠባይዋ ተሻሻለ» ተባለ።

ቻርት_አንባቢ

ይኸው! የነታንያዋ አያት ነጥቤን ጨረሰችልኝ።

ሰሎሜ፣ አንድ ጥያቄ። አባትሽ ጋ አስተርጓሚ ነበር?

ሰሎሜ_ሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከተኛሁበት ተነሥቼ እንደገና አነበብኩት። የሌሊት ሺፍት፣ እንዳልከው ነው። የቁርሱ ማስታወሻ በፈረንጅ 7:50 ነው። በዚያው ሰዓት ስኳሩ 61 ነበር። ጁስ ሰጡት፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ 96። ቀጥሎ «ካልም፣ ፕሌዘንት» ይላል፤ ተረጋግቷል፣ ደስ የሚል ሰው ነው ማለት ነው። ማታ ረጅሙን ኢንሱሊን ወስዶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ አባዬን ጠየቅኩት። «ቁርስ ለምን እንቢ አልክ?» አልኩት። እንዴት እንዳየኝ ብታዩ። «ረቡዕ ነው እኮ። እንቁላልና ወተት ነው ያመጡልኝ» አለኝ።

ረቡዕ! ጾም ነው! ትሪውን በእጁ ገፋ አደረገው፣ ነርሷ መልሳ አቀረበችለት፣ እሱም መልሶ ገፋው። ሁለት ሦስት ጊዜ። ስኳሩ እየወረደ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ። ያ ነው «ኢሪተብል»።

አስተርጓሚ? በዚያን ሰዓት አልነበረም። ሐኪሙ ሲመጣ በታብሌት ይደውሉ ነበር። ለቁርስ ማን ይደውላል።

ቱቱ

ወይኔ አባባ 😭 እኔ አልኩ አይደል።

የሌሊት_ሺፍት

አሁን ሁላችንም ልክ ሆንን፣ ደስ አይልም። ስኳራቸው ወርዶ ነበር፤ ቃሉ ልክ ነው። ለምን እንዳልበሉ የጠየቀ ግን የለም፤ ቻርት አንባቢም ልክ ነው። ነርሷ ስኳሩን መለካቷና ጁሱን መስጠቷ ጥሩ ነው። «ሪፊውዝድ» ብላ ምክንያቱን ባዶ መተዋ ደግሞ ጥሩ አይደለም።

ቻርት_አንባቢ

አሁን ምን ማድረግ እንደምትችዪ ልንገርሽ። መጮኹ ይቅርና ጻፊ። ይህንን ሁሉ በስልክሽ ማንበብ የቻልሽው ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ሆስፒታሎች ማስታወሻቸውን ለታካሚው ሳያዘገዩ በኤሌክትሮኒክ እንዲያሳዩ ስለሚያስገድድ ነው። ሂፓ የሚባለው የሕክምና መረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ማኅደር እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። በጽሑፍ ጠይቂ፤ አባትሽ ይፈርሙ ወይም የወከሉሽ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይኑርሽ። በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው፣ አንድ ጊዜ 30 ቀን ሊጨምሩ ይችላሉ። እንቢ ካሉ የተቃውሞ ጽሑፍሽ ከማኅደሩ ጋር እንዲያያዝ መጠየቅ ትችያለሽ።

«ኢሪተብል» ይውጣ አትበዪ። አይወጣም፣ ያየችውን ነው የጻፈችው። ይልቅ «ቁርሱን ያልበሉት በሃይማኖት ጾም ምክንያት ነው፣ በወቅቱ አስተርጓሚ አልነበረም» የሚል እንዲጨመር ጠይቂ። ይህ ለቀጣዩ ሐኪም ይጠቅማል።

አስተርጓሚም በነጻ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ግዴታ አለበት። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ልጅን ወይም የልጅ ልጅን አስተርጉም ማለት አይገባቸውም።

ጤና_መኮንን_ጎጃም

አንድ ነገር ልጨምር። የታመመ ሰው ጾም ግዴታ የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህንን ታስተምራለች። ግን ትልቅ ሰው ከልጁ አፍ አይሰማም። የነፍስ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል። እኛ ጋ የስኳር ክትትል ያላቸውን አባቶች የምናሳምነው በቄሶቹ በኩል ነው።

ሰሎሜ_ሜሪላንድ

ልክ ነህ፣ እኔን አይሰማም። ትናንት «ሐኪም ብሏል» ብለው «ሐኪሙ ይጹም አላልኩትም» አለኝ። ለነፍስ አባቱ እደውላለሁ።

የሌሊት ሺፍት፣ ቤት ውስጥ እንደዚያ ቢወርድበት ምን ላድርግ?

የሌሊት_ሺፍት

ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 15 ግራም ስኳር፤ ግማሽ ኩባያ የብርቱካን ጁስ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ለኪ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሚ። ሲስተካከል የሚቆይ ምግብ ይብሉ። መዋጥ ካልቻሉ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጊ፣ 911 ደውዪ። ግሉካጎን የሚባለውን፣ የወረደ ስኳር ከፍ የሚያደርገውን መድኃኒት እንዲያዙላችሁም ሐኪሙን ጠይቂ። የኢንሱሊኑንም መጠን ለጾም ቀን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ፤ በራሳችሁ አትቀንሱ።

ሆስፒታል ከገቡ ደግሞ ገና ሲገቡ «ረቡዕና ዓርብ ቪጋን» ብለሽ አስመዝግቢ። ጾም ብትዪ አይገባቸውም፤ ጭራሽ ምንም አይበሉም ብለው ትሪውን ይመልሱታል። ቪጋን ካልሽ ኦትሚል በውኃ፣ ፍራፍሬና ቶስት ይመጣል።

ሰሎሜ_ሜሪላንድ

ኦትሚልን «የሕፃን ገንፎ» ነው የሚለው። ግን ይበላዋል።

በረኪና_እጄን

በርበሬ ይዘሽለት ግቢ።